የስኳር ታካሚውን ስለ ሌሊት ትንፋሹም ጠይቁት፦ ለስኳር ክትትል ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የስኳር ታካሚዎችን ለምትከታተሉ ሀኪሞችና ነርሶች፣ እንዲሁም የክትትል ቅጽ ላይ ምን ይጠየቅ ምን ይቅር ብላችሁ ለምትወስኑ ሁሉ፣

ከሰላምታ ቀጥዬ ወደ ጉዳዩ ልግባ፣ ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ሀኪም አይደለሁም። ባለቤቴ ታይፕ 2 ስኳር አለበት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደሞ ስሊፕ አፕኒያ እንዳለበት ታወቀ፣ ተኝቶ እያለ ትንፋሹ በተደጋጋሚ ይቆማል ማለት ነው። የታወቀው ግን በስኳር ክትትሉ በኩል አይደለም። በሌላ ጉዳይ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ሲል ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ "ታንኮራፋለህ ወይ? ሌሊት ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ?" ብሎ ስለጠየቀ ነው። በዛ ሁሉ የስኳር ቀጠሮ ውስጥ ይሄ ጥያቄ አንድም ቀን አልተነሳም፣ ደብዳቤውን የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ለስኳር ክትትል የሚመጣ ሰው ሁሉ ሌሊት ትንፋሹ ይቆም እንደሆነ በደንቡ ይጠየቅ፣ "ችግር ካለህ ንገረን" ተብሎ ለሱ ሳይተው እናንተው ጠይቁት፣ አጠገቡ የሚተኛ ሰው ካለ ደሞ እሱም ይጠየቅ።

እናንተ ታውቁታላችሁ ግን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻው ይላላል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ከመላላት አልፎ የአየር መተላለፊያው በጣም ይጠባል ወይ ጭራሽ ይዘጋል፣ ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል አየር ግን አይገባም፣ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ከዛ አንጎሉ ለትንሽ ሰከንድ ያነቃዋል፣ እንደታነቀ ሰው አየር ይስባል፣ ተመልሶ ይተኛል፣ ጠዋት ምንም አያስታውስም። ትንፋሽ ቆመ ተብሎ የሚቆጠረው ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆይ ነው። መቆሙም በጣም መቀነሱም ተደምሮ በሰአት ከ5 እስከ 14 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 ከሆነ መካከለኛ፣ 30ና ከዛ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። 30 ማለት ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው አንዴ ማለት ነው፣ እስቲ ይሄን ልብ በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስኳር ያለበት ሰው ላይ አፕኒያ መደበቂያ አለው፣ የሚደበቀውም እዛው ስኳሩ ጀርባ ነው። ሌሊት ሶስት አራቴ ለሽንት ይነሳል፣ ስኳሩ ነው ይባላል። ቀን ይደክመዋል፣ ስኳሩ ነው። አፉ ደርቆ ይነሳል፣ ስኳሩ ነው። ትኩረቱ ይጠፋል ይነጫነጫል፣ በሽታው አሰልችቶት ነው። ስንፈተ ወሲብ ሲመጣ የስኳር ውጤት ነው። ግፊቱ በሶስት አይነት መድሃኒት አልወርድ ሲል ጨው ቀንስ ይባላል። አንድ በአንድ ስታዩት ሁሉም መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ማንም አላጠፋም፣ ግን እነዚሁ ነገሮች ተሰብስበው ሲታዩ የአፕኒያ ምልክቶች ናቸው። ስኳር የሌለበት ሰው እንዲህ ሆኛለሁ ብሎ ቢመጣ "ለምን?" ተብሎ ይፈለጋል፣ ስኳር ያለበት ሰው ግን ምክንያቱ ቀድሞ ተገኝቶለት ስለሚመጣ ፍለጋው እዛው ያበቃል።

የሽንቱን ነገር ብቻ ብንወስድ እንኳ፣ ጉሮሮ ተዘግቶ ደረት ሲታገል ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይቀየራል፣ ልብ ይለጠጣል፣ ልብ ደሞ ብዙ ደም የመጣበት መስሎት ኤኤንፒ የሚባለውን ሆርሞን ይለቃል፣ ኩላሊት ውሃ እንዲያስወጣ የሚያዘው እሱ ነው። ስለዚህ ሰውየው ስኳሩ በደንብ ተስተካክሎም ሌሊት ሽንት ቤት ይመላለሳል። የሶስት ወር ስኳሩ (የሶስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ጥሩ ሆኖ ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ሰው ስታዩ ቢያንስ ይሄ ትዝ ቢላችሁ ብዬ እለምናለሁ።

ሌላው ሌሊት በላብ ተጠምቆ ልቡ እየደለቀ መንቃት ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር በጣም ሊያወርድ የሚችል እንክብል የሚወስድ ሰው ይሄ ሲሆንበት መጀመሪያ የሚያስበው ስኳሬ ወረደ ብሎ ነው፣ ማሰቡም ልክ ነው ምክንያቱም ስኳር መውረድ ሊገድል ይችላል። ግን ለክቶ ሲያየው ስኳሩ ካልወረደስ? ትንፋሽ ሲቆምም ሰውነት አድሬናሊን ስለሚለቅ ላቡም የልብ ምቱም ያው ነው። ሳይለካ በየሌሊቱ ጣፋጭ የሚወስድ ሰው አለ፣ ጠዋት ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኝና መድሃኒት ይጨመርለታል፣ ችግሩ ግን እዛው ጉሮሮው ላይ ነው። በላብ የነቃ ሰው ስኳሩን ይለካ፣ የለካውንም ይጻፍ፣ የጻፈውን ደሞ በቀጠሮው እዩለት።

ስኳርና አፕኒያ አብረው የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም። ውፍረት ሁለቱንም ያመጣል ይሄ የታወቀ ነው፣ ግን ነገሩ እዛ አያልቅም። ኦክስጅን ወርዶ ሲወጣ ወርዶ ሲወጣ፣ እንቅልፍ ሲቆራረጥ፣ የጭንቀት ሆርሞኖች ይነሳሉ፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል። ማታ ምንም ሳይበላ ጠዋት ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚያገኘው ሰው ሁሌ ደብቆ በልቶ አይደለም። ይሄን በተለይ እላለሁ ምክንያቱም ብዙ ታካሚ ባላደረገው ነገር ይወቀሳል፣ ቤት ውስጥም ይወቀሳል ክሊኒክም ይወቀሳል፣ ከዛ በኋላ እውነቱን መናገር ራሱ ያስጠላዋል።

ስንት ሰው ነው ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ስሊፕ አሄድ የተባለ የአሜሪካ ጥናት ታይፕ 2 ስኳርና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 306 ሰዎች ሌሊት ትንፋሻቸውን ለክቶ ከ100 ውስጥ 86 ያህሉ ላይ አፕኒያ አግኝቷል። ጥናቱ የታየው ወፍራም ሰዎች ላይ ስለሆነ ቁጥሩ ለሁሉም የስኳር ታካሚ ይሰራል አልልም። ግን ግማሹ እንኳ ቢሆን፣ ሩቡ እንኳ ቢሆን፣ እንዲህ የበዛን ነገር እንዴት አንጠይቅም? እግርና አይን ማየት ደንብ የሆነው ሁሉም ታካሚ እግሩ ስለቆሰለ ወይም አይኑ ስለተጎዳ ሳይሆን ሳይቆስል ለመድረስ አይደል?

ሀሳቡም አዲስ አይደለም። የአለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ስኳር የሚያክም ስለ እንቅልፍ ትንፋሽ እንዲያስብ፣ የእንቅልፍ ችግር የሚያክም ደሞ ስለ ስኳር እንዲያስብ ብሎ መግለጫ አውጥቷል። ይሄው ስንት አመቱ፣ ወረቀት ላይ ያለው ነገር ምርመራ ክፍል ውስጥ አልገባም።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ፣ ቀላልም አድርጌ አላያቸውም። አንደኛው "ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ መመርመር ጥቅሙ አልተረጋገጠም" የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የአሜሪካው የመከላከል ህክምና ግብረ ሀይል እ.ኤ.አ. በ2022 ጠቅላላውን ህዝብ በሚመለከት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ግን ያ የተባለው ምልክት ስለሌላቸው ወይም ምልክታቸው ስላልታወቀላቸው ሰዎች ነው፣ እኔ የምለው ደሞ ሁሉም ሰው ላይ መሳሪያ እሰሩ አይደለም፣ ምልክቱ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ ነው። ምልክት የለውም ማለትና ስለ ምልክቱ ያልተጠየቀ ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ካርድ ላይ ሲታይ ግን ሁለቱም ባዶ መስመር ነው። ድካሙም ሽንቱም ለስኳር ተመዝግቦ ካለቀ ሰውየው "ምልክት የሌለው" መባሉ አይቀርም።

ሁለተኛው ሲፓፕ ስኳርን አያወርድም የሚለው ነው። ሲፓፕ ማለት ለማያውቀው ሰው፣ አፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን ነው፣ አውስትራሊያዊው ሀኪም ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው። በሶስት ወር ስኳር ላይ ያለው ውጤት ወጥ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጡት ጥናቶች አንዱ ለውጥ የለም ሲል ሌላው ቀንሷል ብሏል። ስለዚህ ሲፓፕ የስኳር መድሃኒት ነው ብሎ ለታካሚ መንገር ልክ አይመስለኝም፣ ተስፋ ሰጥቶ ውጤቱ ሲቀር ሰውየው ማሽኑን ይጥለዋል። ግን አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ጭንብሉን ሌሊት ሶስት አራት ሰአት አድርጎ ያወልቀዋል፣ ህልም የምናይበት ሬም የሚባለው እንቅልፍ ደሞ የሚበዛው ወደ ንጋት ነው፣ አፕኒያው ብዙ ሰው ላይ የሚብሰውም በዚሁ በሬም ጊዜ ነው። ማሽኑ የወለቀው በጣም በሚያስፈልግበት ሰአት ነው ማለት ነው። ስለዚህ "አይሰራም" ከማለት በፊት ስንት ሰአት እንዳደረገው፣ ለምን እንዳወለቀው፣ ጭንብሉ አሳምሞት እንደሆነ፣ አፍንጫው ተዘግቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፣ እዚህ ላይ ነርሶች ከማንም በላይ ልትረዱ ትችላላችሁ።

ደሞስ የሶስት ወር ስኳር ብቻ ነው እንዴ የሰው ጤና? መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ ሰው አደጋ ያደርሳል፣ በራሱም በሌላውም ላይ። መድሃኒት ያልበገረው ግፊት ጀርባ አፕኒያ በብዛት ይገኛል፣ ሲታከምም ግፊቱ በመጠኑ ይወርዳል። ኦፕራሲዮን ላይ ደሞ የሰመመንና ጠንካራ የህመም ማስታገሻ መድሃኒቶች ጉሮሮን የበለጠ ስለሚያላሉና ትንፋሽን ስለሚጨቁኑ አስቀድሞ ማወቅ ህይወት ያተርፋል። ቀን ነቅቶ መዋል ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ነቅቶ የሚውል ሰው ይራመዳል፣ መድሃኒቱን በሰአቱ ያስታውሳል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል። ባለቤቴ ላይ ያየሁት ይሄን ነው፣ የስኳሩ ቁጥር ብዙም አልተቀየረም፣ ሰውየው ግን ተቀይሯል።

ሶስተኛው ተቃውሞ ጊዜ የለንም፣ የእንቅልፍ መመርመሪያም የለንም የሚለው ነው። ይሄኛው በጣም ይገባኛል። ግን ስቶፕ ባንግ የሚባለውን መጠይቅ እዩት፣ ስምንት ነገር ብቻ ነው የሚያየው። ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቆም ያየ ሰው መኖሩ፣ የደም ግፊት፣ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን የሚገኘው ቁጥር) ከ35 በላይ መሆኑ፣ እድሜ ከ50 በላይ መሆኑ፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲሜትር ማለፉ፣ ወንድ መሆን። ለእያንዳንዱ አዎ አንድ ነጥብ ይሰጣል፣ ከ3 ጀምሮ ጥርጣሬ አለ፣ 5ና ከዛ በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ከፍተኛ ነው። አሁን ካርዱን ገልጣችሁ ተመልከቱ፣ እድሜው አለ፣ ጾታው አለ፣ ክብደትና ቁመቱ አለ፣ ግፊቱ አለ፣ ግማሹ መልስ እናንተ ጋ ተጽፎ ተቀምጧል። የቀረው ሶስት ጥያቄና አንድ ሜትር ነው። መጠይቁን ያዘጋጁት ካናዳ ውስጥ ያሉ የሰመመን ሀኪሞች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የወጣው፣ ከኦፕራሲዮን በፊት ቶሎ ለመለየት ታስቦ። እነሱ በጥድፊያ መሀል ከቻሉ የስኳር ክትትል ክፍልም ይችላል፣ ያውም ያንኑ ሰው በየጥቂት ወሩ የሚያየው።

መጠይቁ ጉድለት እንዳለው ሳልናገር አላልፍም። መጠይቁ ከሚጠረጥራቸው ውስጥ ሲመረመር ነጻ የሚወጣ ብዙ ሰው አለ፣ ስለዚህ ነጥቡ ለምርመራ መላኪያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሴቶች ናቸው። ሴት ስለሆነች አንድ ነጥብ ትቀነሳለች፣ ማንኮራፋቷን ለመናገር ታፍራለች፣ ብዙ ጊዜም ይዛ የምትመጣው እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ደከመኝ፣ ራሴን ያመኛል፣ ሆድ ይብሰኛል እያለች ነው፣ ያኔ ጭንቀት ነው ይባልና የእንቅልፍ ኪኒን ይታዘዝላታል። አንዳንዱ የእንቅልፍ ኪኒን ደሞ ጉሮሮን ያላላል። ካረጠች በኋላ አደጋው እንደሚጨምር ታውቃላችሁ፣ እባካችሁ እሷንም ጠይቋት። ቀጭኑንም እንዲሁ። መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ሳይወፍርም አፕኒያ ሊይዘው ይችላል፣ ታይፕ 1 ስኳር ያለባቸው ወጣቶችም ነጻ አይደሉም።

ቀን እንቅልፍ ያዳፋሃል ወይ የሚለው ላይ ብቻ አትተማመኑ። ብዙ አፕኒያ ያለበት ሰው እንቅልፍ አይመጣብኝም ይላል፣ ለአመታት እንደዛ ስለኖረ ድካሙን እንደ ተፈጥሮው ቆጥሮታል። ለዚህ ነው አጠገቡ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ ብዬ የማጥብቀው። ይሄ በሽታ ከሌሎች የሚለይበት አንድ ነገር ቢኖር በሽተኛው ራሱ አለማየቱ ነው፣ ምስክሩ ሌላ ሰው ነው፣ ምስክሩ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። እኔ ትንፋሹ ሲቆም እየቆጠርኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ፣ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል የሚያስፈራው ጸጥታው እንደሆነ አብሮ የተኛ ሰው ያውቀዋል፣ ግን ይሄ ከስኳር ጋር ይገናኛል ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበረ የምነግረው ሰው አልነበረም። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሆነ ደሞ ስልኩን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ ሌሊት ድምጹን ይቅዳ፣ ማስረጃነቱ ሙሉ ባይሆንም ወሬ ይከፍታል።

ጥርጣሬ ከተገኘ በኋላም ሁሉም ሰው ትልቅ ላብራቶሪ ገብቶ ማደር የለበትም። ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ፣ አፍንጫ ላይ ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ አድርጎ ቤቱ ተኝቶ የሚመረመርበት መሳሪያ አለ። እሱም ከሌለ የሌሊት የኦክስጅን ምዝገባ ብቻውን በሽታውን ባያረጋግጥም ማን ቅድሚያ ይላክ የሚለውን ለመለየት ይረዳል። ህክምናውም ሲፓፕ ብቻ አይደለም፣ ክብደት መቀነስ ብዙ ይረዳል፣ በጎን መተኛት አንዳንዱን ይጠቅማል፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ የጥርስ መሳሪያ አለ፣ አልኮል ማታ ማቆም አለ። ቲርዜፓታይድ የተባለው መጀመሪያ ለታይፕ 2 ስኳር የተፈቀደ መርፌ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2024 ከፍተኛ ውፍረት ላለባቸው መካከለኛና ከባድ አፕኒያ ታካሚዎችም አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለሁሉም ይሰጥ እያልኩ አይደለም፣ ግን ሁለቱ በሽታዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መታየት እንዳለባቸው ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ለታካሚዎችና ለቤተሰብ አንድ ቃል ልጨምር። ማንኮራፋት አያሳፍርም፣ መሳለቂያም አይሁን። አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው ትንፋሹ ሲቆም ካያችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ፣ "ከሀኪሙ ጋር ልግባ" በሉ፣ ኦፕራሲዮን ካለም ለሰመመን ባለሙያው ንገሩ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ አፕኒያ ነው ብሎ የስኳር መድሃኒት በራስ ማቆም ወይም መቀነስ አይገባም።

ወደናንተ ልመለስና፣ የሚቀጥለው የክትትል ቅጽ ሲዘጋጅ እግርና አይን ከሚጻፉበት በታች አራት መስመር ይጨመር፦ ያንኮራፋል ወይ፣ ትንፋሹ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ፣ ሲነሳ እረፍት ይሰማዋል ወይ፣ የአንገት ዙሪያው ስንት ነው። አጠገቡም መልሱን የሰጠው ታካሚው ይሁን ወይስ አብሮት የሚተኛው ሰው የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። ቅጹ እስኪቀየር ድረስ ደሞ ዛሬ ለሚገባው ታካሚ ጥያቄውን በቃል ጠይቁትና ካርዱ ጠርዝ ላይ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ስኳር ታካሚ ሚስት